ምሰሶው ቢወድቅ ማን ይከፍላል?

(ይህ ጽሑፍ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለማኅበረሰባችን ሰዎች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የቀረበ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው። ቤታቸው ፊት ለፊት፣ የእግረኛው መንገድ ዳር፣ የመብራት ምሰሶ አለ። ሠራተኞች መጥተው ጫፉ ላይ በርሜል የሚመስል አንቴና ሰቀሉበት። ከሥሩ ደግሞ ግራጫ ሣጥን አሰሩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያዙኝና «ልጄ፣ አንተ የፈቃድ ወረቀት ስትመረምር የኖርክ ሰው ነህ አሉ። ይኼ ነገር ነፋስ ጥሎት መኪናዬን ቢጨፈልቅ፣ ወይ የልጅ ልጄን ቢመታ፣ ማን ጋ ነው የምሄደው?» አሉኝ።

ስለ ስሞል ሴል በተደረጉ ስብሰባዎች ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ስሞል ሴል የምንለው እነዚህን የስልክ ኔትወርክ የሚያጠናክሩ፣ በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉ ትንንሽ አንቴናዎች ነው። የእማማን የመሰለ ጥርት ያለ ጥያቄ በስብሰባ ላይ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። ሰው ብድግ ብሎ የሚናገረው ስለ ጨረር ነው። ስጋቱን አልንቅም፤ ልጅ ያለው ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ግን አንድ ነገር እወቁ። በ1996 የወጣው የፌዴራል ቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ አንቴናው የፌዴራሉን የጨረር መለኪያ እስካሟላ ድረስ፣ ከተማም ሆነ ካውንቲ በጨረር ምክንያት ፈቃድ እንዳይከለክል አግዷል። እናንተ ማይክ ይዛችሁ ሦስት ደቂቃ ስለ ጨረር ስትናገሩ፣ ከፊታችሁ የተቀመጡት የምክር ቤት አባላት በዚያ ላይ ተመሥርተው «አይሆንም» ማለት አይችሉም።

እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንቴና ያለው ምሰሶ ከቤት 60 ጫማ ይራቅ ወይስ 30 ይበቃል በሚል ስንት ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ በሐምሌ 2021 ምክር ቤቱ 30 ጫማውን አጸደቀ። በዚያ ሁሉ ወራት ስለ ርቀቱ የተባለውን ያህል ስለ ዋስትናው ቢባል ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ምክንያቱም የአካባቢ መንግሥት እጁ ያልታሰረበት አንድ ቦታ ቢኖር ይኼ ነው። ጉዳት ቢደርስ ማን ይጠየቃል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ከተማ ደንብ ማውጣት ይችላል። ገደብ አለበት፤ ግን ይችላል።

ከተማው አንቴናውን ከሚሰቅለው ኩባንያ የሚጠይቃቸው ወረቀቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንዱ ኢንሹራንስ ነው። ሁለተኛው፣ በኩባንያው ሥራ የተነሳ ከተማው ቢከሰስ ኩባንያው ጠበቃውንም ካሳውንም ሊችል የሚፈርመው ውል ነው። ሦስተኛው ቦንድ ነው። ቦንድ ስል መንግሥት ሸጦ ገንዘብ የሚሰበስብበትን ቦንድ ማለቴ አይደለም። ዋስ ማለቴ ነው።

ዋስ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አገር ቤት ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ሆኖ ሊቀጠር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚባለው «ዋስ ጥራ» ነው። ኮንስትራክሽን ላይ የሠራችሁ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ሲባል ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። እዚህም ነገሩ ያው ነው። ዋስ የሚሆነው ግን አጎት ወይም የሰፈር ሰው ሳይሆን ለዚሁ የቆመ ኩባንያ ነው።

ኢንሹራንስና ዋስ ይምታታሉ። ኢንሹራንስ አደጋ ሲደርስ ይከፍላል። ከፍሎም ደንበኛውን «መልስልኝ» አይለውም። ዋስ ግን ባለዕዳው ቃሉን ሲያጥፍ ይከፍልና ዞሮ ባለዕዳውን ይይዘዋል። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ለአደጋ ቀን ነው። ዋሱ ደግሞ ኩባንያው ላልተወጣው ግዴታ ነው፤ የቆፈረውን አስፋልት ሳይደፍን፣ የሰቀለውን ሳያወርድ ቢሄድ።

በእኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1922 ላይ፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ይህችን አንቀጽ ሁሌም እወዳታለሁ። ቁጥሩ የሌለበት ዋስ ወሬ ነው። እዚህም ስብሰባ ስትሄዱ «ቦንድ አለ» ሲሏችሁ አትቀመጡ። ስንት ነው? እስከ መቼ ነው? በሏቸው።

አሁን አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። (እዚህ ላይ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ።) ይህ የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ አኮርድ 25 ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የኮንትራት ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትራክ የምትነዱም ሳታዩት አትቀሩም። መሐል ላይ የኢንሹራንሱ ዓይነት፣ የፖሊሲው ቁጥር፣ የጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን፣ በስተቀኝ የገንዘቡ ልክ አለ። ግርጌው ላይ የከተማው ስምና አድራሻ ተጽፏል። ሰው ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ገንዘቡ ነው። «ሚሊዮን ዶላር አለ፣ ጥሩ ነው» ይልና ፋይል ያደርገዋል።

አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ግን አንብቡት። ይህ ሰርተፊኬት የተሰጠው ለመረጃ ያህል ብቻ ነው፣ ለያዡም ምንም መብት አይሰጥም ይላል። በግልጽ ተጽፏል። ከተማው ስሙ ግርጌ ላይ ስላለ ብቻ ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል ማለት አይደለም። መሐል ላይ ሁለት ቀጫጭን ዓምዶች አሉ። የመጀመሪያው ላይ ምልክት ካለ፣ ከተማው ራሱ በፖሊሲው ውስጥ እንደ ባለመድን ተጨምሯል ለማለት ነው። ምልክቱም ብቻውን አይበቃም። ከፖሊሲው ጋር የሚያያዘው ተጨማሪ ገጽ መምጣት አለበት። ገጹ ከሌለ የተሸፈናችሁ ይመስላችኋል እንጂ አልተሸፈናችሁም።

የገዛ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ስሠራ፣ አንድ ማለዳ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል ምሰሶ ገጨ። ምሰሶው ዘመመ። ሣጥኑ በአንድ ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ከሥሩ ደግሞ የአውቶብስ ፌርማታ አለ። ፖሊስ መንገዱን በቢጫ ሪባን አጠረ። እኔ ሄጄ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ደወልኩ። ቁጥሩ አይሠራም። ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን ሳወጣ ሰርተፊኬቱ ካለቀ ከዓመት በላይ ሆኖታል። አድሱ ብሎ የጠየቀ የለም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የፋይል ማለቂያ ቀን ሳልይዝ ሥራ ጀምሬ አላውቅም።

«ምሰሶ መቼም አይወድቅም» የሚል ሰው ካለ ወደ ካሊፎርኒያ ልውሰደው። ኦክቶበር 21፣ 2007፣ ማሊቡ ካንየን። ሳንታ አና የሚባለው ደረቅና ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ሦስት የእንጨት ምሰሶዎች ወደቁ። ምሰሶዎቹ የመብራት ሽቦ ተሸክመዋል፤ በላያቸው ደግሞ የስልክ ድርጅቶች ኬብልና መሣሪያ ተጨምሮባቸዋል። እሳት ተነሳ። ከ3,800 ኤከር በላይ ተቃጠለ። 14 ሕንፃዎችና 36 ተሽከርካሪዎች ወደሙ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያንም አብሮ ነደደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። በምሰሶዎቹ ላይ የመብራት ኩባንያው ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን ነበረ። ኤቲኤንድቲ፣ ቬራይዘንና ስፕሪንት ነበሩ። ኔክስትጂ የሚባል ኩባንያም ነበረ። ኔክስትጂን ልብ በሉ። ለእናንተ ስልክ አይሸጥም። ሥራው ለስልክ ኩባንያዎች ኬብልና አንቴና ዘርግቶ ማከራየት ነው። ዛሬ በየሰፈራችን ፈቃድ የሚጠይቁት ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ ናቸው። ምርመራው የጠየቀው ምሰሶው ከአቅሙ በላይ አልተጫነም ወይ የሚል ነበር። እያንዳንዱ የተጨመረ ኬብል ነፋስ የሚያርፍበትን ቦታ ይጨምራል። አንዱ ብቻውን ምሰሶ አይጥልም፤ ሲደራረብ ይጥላል። ሁሉም የየድርሻውን ብቻ ካሰበ ስለ ጠቅላላው ሸክም የሚያስብ አይኖርም።

ጉዳዩ በካሊፎርኒያ የሕዝብ መገልገያዎች ኮሚሽን ዘንድ ዓመታት ፈጀ። ሦስቱ የስልክ ኩባንያዎች በ2012 በድምሩ 12 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2013 ኔክስትጂ 14.5 ሚሊዮን፣ ኤዲሰን ደግሞ 37 ሚሊዮን። እሳቱ ከተነሳ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ስለሆኑ መክፈል ቻሉ። ከአምስቱ አንዱ ባዶ ካዝና ቢሆን ኖሮስ?

ባዶ ካዝና ደግሞ ያጋጥማል። ሜትሪኮም የሚባል ኩባንያ ነበር። አገልግሎቱ ሪኮሼ ይባላል። ዋይፋይ ገና ሳይለመድ ለላፕቶፕ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ይሰጥ ነበር። መሣሪያው የጫማ ካርቶን የሚያክል ሣጥን ነው፤ በትልልቅ ከተሞች የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ላይ በብዛት ተሰቅሏል። በሐምሌ 2001 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። ነሐሴ ላይ አገልግሎቱ ተዘጋ። ሣጥኖቹ ግን እዚያው ምሰሶው ላይ ቀሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ኔትወርክ በ8.25 ሚሊዮን ዶላር ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። (አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ሥራ ያጡት ሠራተኞች በፈቃዳቸው ኒውዮርክ ሄደው፣ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ኔትወርኩን መልሰው አስነስተዋል። ክብር ይገባቸዋል።)

ኩባንያ ሲከስር ከተማው እንደማንኛውም አበዳሪ ወረፋ ይይዛል። ውሉ ላይ «እኔ አወርዳለሁ» ብሎ የፈረመው ድርጅት የለም፣ ወይም ፍርድ ቤት ጥላ ሥር ገብቷል። ፊርማው ያኔ አይበላም፣ አይጠጣም። ዋሱ ግን ባለዕዳው ስለከሰረ ከግዴታው አይወጣም። እንዲያውም ዋስ የተጠራው ለዚያ ቀን ነው።

እንግዲህ ሕጎቹ ምን ይላሉ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ከ2017 ጀምሮ ብዙ ግዛቶች የስሞል ሴል ሕግ አወጡ። ሕጎቹ ከተሞች የሚጠይቁትን ክፍያና ዋስትና ወሰኑ። ፍሎሪዳን ውሰዱ። በ2017 አወጣች፣ በ2019 አሻሻለች። በሕጉ መሠረት ከተማ ኢንሹራንስና የካሳ ግዴታ መጠየቅ ይችላል፤ ግን ምክንያታዊ መሆን አለበት፣ አንዱን ከሌላው ማበላለጥም የለበትም። ኩባንያው ላላደረሰው ጉዳት፣ በተለይም ለከተማው ለራሱ ቸልተኝነት፣ ካሳ ክፈል ሊባል አይችልም። ይኼ ፍትሐዊ ነው። አንዳንድ ከተሞች የገዛ ጥፋታቸውን በኩባንያ ላይ ለመጫን የጻፏቸውን ውሎች በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ባላጠፋው አይጠየቅም። እዚህ ላይ ከኩባንያዎቹ ጋር ነኝ።

ቦንዱ ላይ ግን አልስማማም። የፍሎሪዳ ከተማ መንገዱ ወደነበረበት እንዲመለስ የግንባታ ቦንድ መጠየቅ ይችላል። ቦንዱ ግን ግንባታው ካለቀ ከ18 ወር በላይ እንዲቆይ ሕጉ አይፈቅድም። ከተማው የማንኛውም አሜሪካ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ያለው ባንክ የዋስትና ደብዳቤም መቀበል አለበት፤ የገንዘብ ጥያቄው በኤሌክትሮኒክ መንገድ፣ በፋክስም ቢሆን፣ ማቅረብ እስከተቻለ ድረስ። አስቡት። የእግረኛ መንገዱ ሲሚንቶ በ18 ወር ውስጥ ቢሰነጠቅ ዋስ አለ። ምሰሶው ግን የሚቆመው ለ18 ወር አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ነው። ፍሎሪዳ ደግሞ አውሎ ነፋስ በየዓመቱ የሚጠበቅባት አገር ናት። በኦክቶበር 2018 ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ እዚያው ፍሎሪዳ ያሉትን ፓናማ ሲቲንና ሜክሲኮ ቢችን እንዴት እንዳደረጋቸው አይታችኋል። የስልክ አገልግሎት ለቀናት ጠፍቶ አገረ ገዥው ሳይቀር ተቆጥቷል። ያን ያህል ነፋስ በአምስተኛው ዓመት ቢመጣ የግንባታ ቦንዱ ካበቃ ቆይቷል።

ሚሺጋን በሌላ መንገድ ሄደች። በ2018 ባወጣችው ሕግ ቦንዱ ለተተወ መሣሪያ ማንሻና ላልተከፈለ ኪራይ እንዲውል ፈቅዳለች። ዓላማው ትክክል ነው። ልኩን ግን ለአንድ ስሞል ሴል ከ1,000 ዶላር እንዳይበልጥ አደረገች። ሰው ወደ ላይ የሚያነሳ መኪና፣ ሁለት ሠራተኛ፣ መብራት የሚያቋርጥ ኤሌክትሪሻን፣ መንገድ የሚዘጋ ቡድን፤ ይህን ሁሉ አንድ ቀን ያሠራ ሰው 1,000 ዶላር የት እንደሚደርስ ያውቃል። ቀሪውን ሒሳብ የሚሞላው ግብር ከፋዩ ነው።

በኩባንያዎቹ በኩል ያለውን ክርክር አልሸሽገውም። በመቶ ከተማ መቶ ዓይነት ቦንድ ከተጠየቅን ኔትወርክ አይዘረጋም ይላሉ። እውነት አላቸው። እኛም ልጆቻችን የትምህርት ቤት ሥራቸውን በስልክ ኢንተርኔት የሠሩባቸውን ወራት አንረሳም። ፌዴራሉም ያዳመጠው እነሱን ነው። በመስከረም 2018 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ የምንለው፣ ለአንድ አንቴና በዓመት 270 ዶላር ድረስ ያለ ክፍያ ተገቢ ነው ብሎ እንደሚገምት ወሰነ። ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ከተማ እውነተኛ ወጪው መሆኑን ማሳየት አለበት። ነባር ምሰሶ ላይ ለመስቀል በቀረበ ማመልከቻ ላይ በ60 ቀን፣ አዲስ ምሰሶ ለማቆም በቀረበው ላይ በ90 ቀን መወሰን ግዴታ ሆነ። ከተሞች ከሰሱ። በነሐሴ 2020 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የክፍያውንና የጊዜውን ውሳኔ አጸና።

270 ዶላሩ ስንት ሥራ እንደሚሸፍን እኔ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ፋይሉን ማንበብ፣ መሐንዲስ መላክ፣ ኢንሹራንሱን በየዓመቱ መከታተል። ክፍያው ትንሽ፣ ጊዜው አጭር ሲሆን፣ ከተማው የቀረው መከላከያ ዋስትናው ነው። እሱንም ካሳነስነው ምን ቀረን?

ሌላ ልብ የምትሉት ነገር ፈራሚው ነው። ሞቢሊቲ የተባለ ኩባንያ በ2016 አካባቢ በብዙ ግዛቶች ምሰሶ ለማቆም ሲያመለክት፣ በየግዛቱ በተለያየ ስም ነበር የሚቀርበው። አንዳንዱ ስም «የዚህ ግዛት የምሰሶ ባለሥልጣን» የሚል ዓይነት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስል ነበር። በኋላ በ2018፣ አስፈላጊውን የአካባቢና የቅርስ ግምገማ ሳያደርግ ግንባታ በመጀመሩ ከኤፍሲሲ ጋር 1.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ ውሉ ላይ የሰፈረው ስም የማን ነው? ከኋላው ንብረት አለው ወይስ ወረቀት ብቻ ነው? እናት ኩባንያው አብሮ ይፈርማል? ይህ ነገር አማርኛ የሚናገር ሰው ሊጠይቀው የሚከብድ አይደለም። «ዋሱ ራሱ ምን አለው?» እያልን ነው ያደግነው።

በሜሪላንድ እንደ ፍሎሪዳ ዓይነቱን ሕግ ለማውጣት በ2019 ለግዛቱ ምክር ቤት ቀርቦ የነበረው ረቂቅ አላለፈም። ለካውንቲዎች ቦታ ይተዋል ማለት ነው። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ከተገኛችሁ ሦስቱን ደቂቃ በዚህ ተጠቀሙበት። ለማንሻ የሚሆን ቦንድ አለ ወይ? ልኩ የተሠራው በእውነተኛ ወጪ ነው ወይ? አንቴናው እስካለ ድረስ ይቆያል ወይ? ኢንሹራንሱ ሲያልቅ ለማን ይነገራል? መልሱን በስማቸው ጻፉት።

ለእማማ የሰጠሁትን መልስ ልንገራችሁና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ። ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የባለቤቱ ስምና የስልክ ቁጥር ይኖረዋል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት አልኳቸው። አደጋ ሳይደርስ፣ ዛሬ። ቁጥሩም ይሥራ እንደሆነ ይደውሉ። ምሰሶው የካውንቲው ከሆነና ጉዳት ከደረሰ፣ በሜሪላንድ ሕግ ለካውንቲው በጽሑፍ ማሳወቅ ያለብዎት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። በቃል ነግሬያቸው ነበር ቢሉ ዋጋ የለውም። ለኩባንያውም ለብቻው ይጻፉ፤ አንዱ ለሌላው ያስተላልፋል ብለው አይጠብቁ።

ከሁለት ቀን በኋላ በቫይበር ፎቶውን ላኩልኝ። ዝናብ የላጠው ወረቀት ነው። ስሙ ይነበባል። ከቁጥሩ መጨረሻ ሁለት አኃዝ ጠፍቷል። ማክሰኞ ጠዋት አብረን ካውንቲው ቢሮ እንሄዳለን።